የእትዬ ደብሪቱ ጉንፋን

ወሎ፣ አንድ ቆላማ ቀበሌ፣ ረፋድ ላይ፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይመር ከሴፍቲኔት ድጋፍ ማን ተመርቆ እንደሚወጣ፣ ማን በምትኩ እንደሚገባ ለመለየት ቤት ለቤት ሲዞር እትዬ ደብሪቱ ግቢ ደርሷል፤ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታቸው የሉባባ ግቢ ነው።

ይመር፦ እትዬ ደብሪቱ፣ እባክዎን ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ። አንድም ቃል አልሰማሁ።

ደብሪቱ፦ የለኝም ነው የምልህ። ምንም የለኝም።

ይመር፦ ምኑ ነው የሌለዎት?

ደብሪቱ፦ ድምፁም፣ ከብቱም። ጉንፋን ይዞኛል።

ይመር፦ ጉንፋን? ትናንት እርከን ሥራ ላይ ሲያቅራሩ እኮ ድንጋዩ ራሱ ተነሥቶ ሊሰለፍ ምንም አልቀረው!

ደብሪቱ፦ እሱ ነው የጣለኝ። የሕዝብ ሥራ ስትሠራ ድምፅዋን አጣች ብለህ ጻፍልኝ።

ይመር፦ ድምፅ የሚጻፍበት ቦታ የለኝም፣ እትዬ።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ቦታ ያለውን ጻፍ። ላም የላትም፣ በሬ የላትም፣ ፍየል የላትም። ባሏ ሞቷል። በዚያ ላይ ጉንፋን።

ይመር፦ ላምና በሬ እንደሌለዎት አውቃለሁ። የገረመኝ የፍየሉ ነገር ነው። ያን ጊዜ ሁለት ፍየል ከፕሮግራሙ ሲሰጥዎት ከገበያ በገመድ እየጎተትኩ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። አንዷማ መንገድ ላይ ሱሪዬን በልታብኛለች።

ደብሪቱ፦ ነፍሳቸውን ይማር።

ይመር፦ ሞቱ እንዴ?

ደብሪቱ፦ ማን ሞተ አለ?

ይመር፦ አሁን እኮ ነፍሳቸውን ይማር አሉ!

ደብሪቱ፦ ሰዎቹን ነው ያልኩት። በዚያ ዓመት የሞተውን ሰው ሁሉ።

ይመር፦ ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ። እሺ ይሁን፤ ይህ ሁሉ በጠጥስ? ግቢው ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም።

ደብሪቱ፦ የድሮ ነው።

ይመር፦ ኧረ እትዬ፣ እርጥብ ነው! ጫማዬ ላይ ተለጥፏል።

ደብሪቱ፦ ጤዛ ነክቶት ይሆናል።

ይመር፦ አጥሩስ? ከታች እስከ ደረቴ ድረስ አንድ ቅጠል አልቀረበትም። ማን መለመለው?

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ።

ይመር፦ ቅጠል ይበላሉ?

ደብሪቱ፦ ሴት ብቻዋን ስትኖር የማትበላው የለም፣ ልጄ። ይህንንም ጻፈው፤ ከድምፁ ይሻላል።

ይመር፦ ቆይ እስቲ… ሰሙ? ከማዶ ፍየል ጮኸች።

ደብሪቱ፦ ጆሮዬንም ዘግቶታል።

ይመር፦ አሁንም ጮኸች! እርስዎ አንድ ቃል በተናገሩ ቁጥር እኮ ነው።

ደብሪቱ፦ ጎረቤት አይደለች? ሰው ሲናገር ትመልሳለች። ያንተ እናት ዘነቡ ያሳደገቻቸው ፍየሎች እንዳንተ ሰው ሲናገር ያቋርጡ ይሆናል።

ይመር፦ እናቴን ካነሡ፣ እሷ ለጉንፋን አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው። ፌጦ። እዚያ መደቡ ላይ ያየሁት ፌጦ አይደለም?

ደብሪቱ፦ የዘር ነው!

ይመር፦ አንድ ቁንጥር ቢጎድል አይከፋውም። ሎሚም አለ። እኔ ልውቀጥልዎት።

ደብሪቱ፦ ኧረ ተወኝ ይመርዬ! አንተ ሥራ ያለብህ ሰው ነህ፣ አትድከም።

ይመር፦ የገበሬ ጤና መጠበቅም ሥራዬ ነው። ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እርስዎ ግን ደህና አድርገው ነግረውኛል። ይኸው፣ ደቀቀ። አንድ ጊዜ ግጥም ያድርጓት።

ደብሪቱ፦ በኋላ እጠጣዋለሁ።

ይመር፦ ፌጦ በኋላ አይጠጣም። ካልጠጡ ጉንፋን የለባቸውም ብዬ ነው የምጽፈው።

ደብሪቱ፦ ድምፅ የሚጻፍበት የለም ያልከው ሰውዬ፣ ጉንፋን የሚጻፍበት ከየት አመጣህ? አምጣ እንግዲህ። በስመ አብ… ውይ! ውይ ውይ ውይ! ኡኡ! አቃጠለኝ! ጉሮሮዬን ላጠኝ!

ይመር፦ እሰይ! ድምፅዎ መጣ! ማዶውን ደግሞ ይስሙት፣ መንጋው በሙሉ ነው የመለሰልዎት!

ደብሪቱ፦ ሄደ።

ይመር፦ ምኑ?

ደብሪቱ፦ ድምፄ። ብቅ ብሎ ተመልሶ ሄደ። ያንተ ፌጦ ለእንግድነት ነው የጠራው።

ይመር፦ እትዬ ደብሪቱ፣ እንተማመን። መመረቅ ምኑ ነው ያስፈራዎት? ማክሰኞ ቀበሌው ግቢ ዳስ ይጣላል፣ የወረዳ ሰዎች ይመጣሉ፣ ስምዎ ተጠርቶ ይጨበጨባል። በራሷ የቆመች ሴት ይባላሉ። ሰርተፍኬትም አለው።

ደብሪቱ፦ ሰርተፍኬት ምን ያደርግልኛል? ያኛውንም የሥልጠናውን ቦሪት በላችው።

ይመር፦ ማን በላችው?

ደብሪቱ፦ ማንም።

ይመር፦ ቦሪት አሉ። ቦሪት ማን ናት?

ደብሪቱ፦ የ… የሰፈር ልጅ ናት።

ይመር፦ የሰፈር ልጅ ወረቀት ትበላለች?

ደብሪቱ፦ ርሀብ ነዋ! አየህ? ለዚህ አይደል ሴፍቲኔት ይቀጥል የምልህ!

ይመር፦ እርስዎን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ጠበቃ ታድሏል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእርስዎ ግን እዚሁ ቆመን እያለን ነው የሚያልቀው።

ደብሪቱ፦ ውሸታም ልትለኝ ነው?

ይመር፦ አልወጣኝም። ግን ቅር ይለኛል። ወረዳ ላይ ሰው ሁሉ ፕሮግራሙ ምን ለወጠ ሲለኝ እኔ የማነሣው እርስዎን ነው። በሁለት ፍየል ጀምራ፣ ክትባት አንድ ቀን ሳታሳልፍ፣ ያን ሁሉ መንጋ አወጣች እላለሁ። አሁን ምን ልበል? ቅጠል ትበላለች?

ደብሪቱ፦ ይመርዬ፣ ና ቁጭ በል። እዚህ ድንጋይ ላይ። በቀስታ ነው የምነግርህ፤ ድምፅ ስለሌለኝ።

ይመር፦ ስለሌለዎት። እሺ፣ ተቀመጥኩ።

ደብሪቱ፦ እኔ የዛሬን አይደለም የምፈራው። ዛሬ ጠግቤ አድራለሁ፣ ተመስገን። አንተ ገና ትምህርት ቤት ሳለህ፣ ይርጋ ባለቤቴ በሕይወት እያለ፣ ይህ ግቢ ፍየሉን አይችለውም ነበር። የአገሬው ሰው የይርጋ መንጋ ሲያልፍ ቁሞ ያሳልፍ ነበር። ያ ዓመት መጣ። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም አልፎ አልፎ ጠብ ብሎ ሄደ። ቁልቋሉ እንኳ ተሸበሸበ። እኔ በነዚህ እጆቼ የሞቱትን ፍየሎች አንድ በአንድ ወደ ገደል ጎተትኳቸው። በመጨረሻ የቀረን የመንግሥት ስንዴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንዴው ሲመጣ ልቤ ቦታዋ ትገባለች፤ ሲዘገይ ትወጣለች። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል። እኔ ድሃ ሆኜ መቅረት ፈልጌ መሰለህ? ፈርቼ ነው።

ይመር፦ ገባኝ። እውነት ገባኝ። ግን ያን ጊዜ ጋራው ራቁቱን ነበር። አሁን እርከኑን ይዩት፤ ከሥሩ ምንጩ ተመልሶ ፈልቋል። ሣሩ ያኔ የት ነበር?

ደብሪቱ፦ ማን ሠራውና!

ይመር፦ እርስዎ።

ደብሪቱ፦ እኔና ጓደኞቼ። ሌላም ነገር አለ ደግሞ፣ ብነግርህ ትስቃለህ።

ይመር፦ አልስቅም።

ደብሪቱ፦ ይርጋ ከሞተ ወዲህ ለእኔ የእርከን ሥራ ሰርግ ነው። ሴቶቹ አሉ፣ ሳቁ አለ፣ እኔ አቅራራለሁ፣ እነሱ ይቀበላሉ። ከወጣሁ እቤት ከማን ጋር ላወራ ነው?

ይመር፦ ከፍየሎቹ ጋር።

ደብሪቱ፦ እነሱማ ጥሩ አድርገው ያዳምጣሉ፣ ግን መልስ የላቸው… የትኞቹ ፍየሎች?

ይመር፦ እኔስ ምን አውቄ።

ደብሪቱ፦ አልስቅም ብለህ አልነበረም?

ይመር፦ ሳል ነው። ከእርስዎ ተጋብቶብኝ ይሆናል። ደግሞስ እርከን ላይ እንዳያቅራሩ ማን ከለከለዎት? ስንዴውን አይወስዱም እንጂ ድምፅዎን ማንም አላስወጣውም።

ደብሪቱ፦ በነጻ?

ይመር፦ ሰርግ ላይ ይከፈልዎታል እንዴ?

ደብሪቱ፦ ምላስህ የእናትህ ነው። በል አሁን ፍርዱን ስጠኝ። እወጣለሁ ወይስ እቆያለሁ?

ይመር፦ እኔ የምጽፈው ዓይኔ ያየውን ነው። ፍየል ይኖራል ብዬ መጣሁ፣ ፍየል የለም። በጠጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ይቆያሉ።

ደብሪቱ፦ እደግ! ተመንደግ! ዘነቡን ልጅሽ ሰው ወጥቶታል እላታለሁ። ምሳ ሳትበላ አትሄድም፤ ሽሮ አለኝ፣ በ… በውኃ የተሠራ።

ይመር፦ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ ሉባባ አሳዘነችኝ።

ደብሪቱ፦ ሉባባ ምን ሆነች?

ይመር፦ አሁን ወደዚህ የመጣሁት ከእሷ ቤት ነው። ስምንት ፍየል ቆጠርኩ።

ደብሪቱ፦ አዎ፣ ጠንካራ ሴት ናት። እንዲያውም ለምን እሷን አትመርቋትም? ዳሱ ከተጣለ አይቀር።

ይመር፦ ሳትገባ እንዴት ትወጣለች? ልትገባ ነበር እንጂ።

ደብሪቱ፦ ምን ልትገባ?

ይመር፦ ሴፍቲኔት ነዋ። አልሰሙም እንዴ? በስብሰባው ቀን የት ነበሩ?

ደብሪቱ፦ የእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር፣ ደጋ ወጥቼ። ስመለስ ሉባባን ምን ተባለ ብላት፣ ምን ይባላል፣ ያው ወሬ ነው አለችኝ።

ይመር፦ ወሬውማ የሷ ነበር። ባሏ ሰይድ ወገቡን ከታመመ ወዲህ በሬውን ሸጠው መሬቱን በእኩል ሰጥተዋል። ከሚያገኙት ላይ ግማሹ ለአራሹ ነው። ልጆቹ ቁርስ ከበሉ እራት የላቸውም፤ አንዳንዴም ተገላቢጦሹ። ሕዝቡ በአንድ አፍ ሉባባ ትግባ አለ።

ደብሪቱ፦ ይበል! ትግባ እንጂ! ልጆቹን እኔ አላውቃቸውም? በየጠዋቱ አንድ ኩባያ ወተት…

ይመር፦ የምን ወተት?

ደብሪቱ፦ ወተት ቢኖረኝ በየጠዋቱ እሰጣቸው ነበር ልልህ ነው። ለምንድን ነው ታዲያ ነበር የምትለው? ማን ከለከላት?

ይመር፦ ፍየሎቹ። አንድ ሁለት ፍየል ማንንም አያስቀርም፣ እርስዎም በሁለት ነው የጀመሩት። ስምንት ግን ብዙ ነው። ነገሩ ለዚህ ሰፈር እንዲህ ነው፤ አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል። እርስዎ ሊወጡ፣ በእርስዎ ቦታ ሉባባ ልትገባ ነበር የታሰበው። አሁን ተገላበጠ። የሌላት እርስዎ፣ ያላት እሷ። እሷ ከደጅ ትቀራለች።

ደብሪቱ፦ ከደጅ?

ይመር፦ እትዬ? ምነው ድምፅዎ ጠፋ? ፌጦ ልድገምዎት?

ደብሪቱ፦ ይህን ለሷ ነግረሃታል?

ይመር፦ ነገርኳት። አንድ በአንድ። ሉባባ፣ ይህን ከጻፍኩ አትገቢም፤ እነዚህ ፍየሎች የማን ናቸው፣ ደህና አድርገሽ አስቢ አልኳት።

ደብሪቱ፦ ምን አለችህ?

ይመር፦ ሳቀች። ሳቋ ግን ከአፏ አላለፈም። ዓይንህ ያየውን ጻፍ አለችኝ።

ደብሪቱ፦ የኔ ናቸው አላለችም?

ይመር፦ አላለችም። በአላህ ማይልኝ እንኳ ብላት፣ በፍየል ነገር አላህን አልጠራም፣ ዓይንህ ያየውን ጻፍ አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ደብሪቱ፦ ሞኝ! አንቺ ሞኝ ሴት!

ይመር፦ ቀስ ይበሉ፣ ጉሮሮዎን። ስማቸውን ስጠይቃት ደግሞ ጥቁሯን ነጮ አለቻት። ቀጥላ ያለችዋን ስላት እሷንም ነጮ አለቻት።

ደብሪቱ፦ ወይ የኔ ጉድ! ጥቁሯ እኮ…

ይመር፦ ጥቁሯ ማን ናት?

ደብሪቱ፦ ጥቁር ናት። ጥቁር ነጮ አይባልም ልልህ ነው።

ይመር፦ እነሱም አልዞሩም። ነጮ ብላ ስትጠራ አንዳቸውም ጆሮ አልሰጧትም። ሁሉም ፊታቸውን ወደዚህ አጥር አዙረው ቆመዋል። አንዷ ብቻ ለብቻዋ በገመድ ታስራለች፣ ልትወልድ የደረሰች ናት። ሥሯ ገለባ ተጎዝጉዞላታል። በዚህ በጋ ገለባ ከየት አመጣሽ ስላት፣ ምኝታዬን ተርትሬ አወጣሁት አለችኝ።

ደብሪቱ፦ ከምኝታዋ?

ይመር፦ ከምኝታዋ።

ደብሪቱ፦ ገመዱንም አምጪው ያለችኝ ለዚያ ነበር።

ይመር፦ የቱን ገመድ?

ደብሪቱ፦ አትጠይቀኝ፤ ዝም ብለህ ስማኝ። ትናንት ሲመሽ አጥሩ ጋ ጠራኋት። ሉባባ፣ ያ የዘነቡ ልጅ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ፍየሎቼን ያዢልኝ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ሉባባ ዝም የምትል ሴት መሰለችህ? ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከዚያ፣ አምጫቸው አለችኝ፤ ለእርጉዟ ለሻሽቱ ደግሞ ገመድ ጨምሪ፣ ሌሎቹ እንዳይረግጧት ለብቻዋ አስራታለሁ። ይህን ሁሉ ስትል የልጆቿን ስንዴ እየሰጠችኝ መሆኑን ታውቅ ነበር። እኔ ግን እሷም በራሷ ጊዜ ትገባለች፣ የኔ መቆየት የሷን ምን ይነካዋል ብዬ ተኛሁ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ታምናለህ?

ይመር፦ እኔ ምንም አልሰማሁም።

ደብሪቱ፦ ምን ማለትህ ነው? አሁን እኮ ነገርኩህ!

ይመር፦ ጉንፋን ጆሮዬን ዘግቶታል። ደግሞም እርስዎ ድምፅ የለዎትም። ድምፅ የሌለው ሰው የነገረኝን እንዴት እጽፋለሁ? የምጽፈው ዓይኔ ያየውን ነው።

ደብሪቱ፦ አንተ! አውቀህ ነው የመጣኸው! ፌጦውንም ያጠጣኸኝ አውቀህ ነው!

ይመር፦ ጠርጥሬ ነው እንጂ አውቄ አይደለም። ፌጦው ግን ለጤናዎ ነበር።

ደብሪቱ፦ ተንኮለኛ! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ለምን ገና ስትገባ አልነገርከኝም?

ይመር፦ እኔ ብነግርዎት እኔ አስወጣሁዎት ማለት ነው። ማክሰኞ ዳሱ ሥር ተቆጥተው ይቆማሉ፣ ከሉባባም ጋር አጥሩ ይረዝማል። እኔ ደግሞ የምፈልገው በራሳቸው ፈቃድ የወጡ ሴትዮ ነው።

ደብሪቱ፦ አንድ ነገር ብቻ በእውነት ንገረኝ። ያ ዓመት ተመልሶ ቢመጣስ?

ይመር፦ አይመጣም ብዬ ልማልልዎት አልችልም። ዝናቡ በኔ እጅ አይደለም፣ በወረዳም እጅ አይደለም። ድርቅ ከመታ የወጣም ሰው ተመልሶ ይታያል፤ ክትባቱም የእንስሳት ሐኪሙም አይቋረጥብዎትም። ስንዴው ግን ነገውኑ ይደርሳል አልልም። ይዘገይ ይሆናል።

ደብሪቱ፦ ይዘገያል እንጂ። ያን ጊዜም ዘግይቶ ነበር።

ይመር፦ ታዲያ እስኪደርስ ማን አቆየዎት?

ደብሪቱ፦ ማን ያቆየኛል? እነሱ ናቸዋ። የሰይድ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ የነበረቻትን ማሽላ ለሁለት ከፍላ ግማሿን በዚህ አጥር አሻግራልኛለች። ይርጋ ሲሞትም ወንድሞቹ ሩቅ ነበሩ፤ ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ሰይድ ነው። ያ ወገብ ያኔ ደህና ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ትቼ የስንዴ ጆንያ አቅፌ ልቀመጥ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ለሰው እመክር ነበር፤ ለካ ለራሴ አልሰማሁትም።

ይመር፦ ፍርሀት ነው፣ እትዬ። ፍርሀት ጆሮ የለውም።

ደብሪቱ፦ አሁንም እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ነገ ጠዋት ለነዚያ ልጆች ወተት ይዤ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? በል ተነሣ ከድንጋዩ።

ይመር፦ ወዴት ልንሄድ ነው?

ደብሪቱ፦ የትም አንሄድም። ወደ ግድግዳው ጠጋ በል። ወረቀትህን ደግሞ ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ከራስህ በላይ።

ይመር፦ ለምን?

ደብሪቱ፦ ቦሪት ወረቀት ትወዳለች።

ይመር፦ ያቺ የሰፈር ልጅ?

ደብሪቱ፦ እሷው። ጆሮህንም ያዝ፤ ጉንፋኑ ለቆኛል። ቦሪት! ቦሪትዬ! ዳልቼ! አመዴ! ጠቋሬ! ኑ ኑ ኑ! ኑ እንጂ ወደ ቤታችሁ! ቦሪት!

ይመር፦ ኧረ ጉድ! አጥሩን ዘለሉት! እትዬ፣ አጥሩ ወደቀ እኮ!

ደብሪቱ፦ ይውደቅ! ምን ይሠራልናል! ነዪ የኔ እናት! ነዪ! አንድ ቀን አይሉት አንድ ዓመት፣ ናፍቃችሁኝ ነበር!

ይመር፦ ወረቀቴን! አንቺ! ልቀቂ! እትዬ፣ ይህችን ያዙልኝ!

ደብሪቱ፦ ቦሪት ማለት እሷ ናት። ተዋወቁ።

ይመር፦ ድሮ ተዋውቀናል፤ ሱሪዬን የበላችው ናት! ይመስገን፣ ጠርዙን ብቻ ነው የቀደደችው።

ደብሪቱ፦ ከጠርዙ ይልቅ ከውስጥ ያለውን አስተካክል። ደብሪቱ ትወጣለች፣ ሉባባ ትገባለች። ማክሰኞ ዳሱ ሥር ነጭ ለብሼ ነው የምመጣው። ስሜን ስትጠሩ ግን እኔ ራሴ ነኝ የማቅራራው፤ ጭብጨባ አይበቃኝም።

ይመር፦ የወረዳ ሰዎች ጆሯቸውን ይዘው ይምጡ እላቸዋለሁ። ቆይ ልቁጠር፤ ዝም ብለው አይቆሙም እንጂ… አምስት፣ ስድስት፣ ቦሪት ሰባት። እዚያ ማዶ ግን ስምንት ነበሩ።

ደብሪቱ፦ ሰባት አየህ?

ይመር፦ ሰባት። ያቺ ልትወልድ የደረሰችው ቀርታለች። ታስራ ነው፤ ልሻገርና ልፍታልዎት?

ደብሪቱ፦ ስጠራ ስሟን ሰማህ?

ይመር፦ ቦሪት፣ ዳልቼ፣ አመዴ፣ ጠቋሬ… ሻሽቱን አልጠሯትም። ረስተዋት ነው?

ደብሪቱ፦ ሰው ልጁን ይረሳል? አልጋዋ ላይ ያለችን አራስ ማን ይቀሰቅሳል። እዚያው ትውለድ።

ይመር፦ ታዲያ የማን ናት ብዬ ልጻፍ?

ደብሪቱ፦ የት ነው የታሰረችው?

ይመር፦ ሉባባ ግቢ።

ደብሪቱ፦ ምን ላይ ነው የተኛችው?

ይመር፦ የሉባባ ገለባ ላይ።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ምን ያደርቅሃል፣ ልጄ? ዓይንህ ያየውን ጻፍ።